እስከ ሰኞ ሦስት ሐይቅ

ባሌ ከድሩ ሰመራ ላይ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ሲያስተምር ከአፋር ሐይቆች አንዱንም በዓይኑ አላየም። ሰሌዳ ላይ ግን በሰማያዊ ጠመኔ አሳምሮ ይስላቸዋል። ለምን ሄደህ አታያቸውም ስለው፣ «ሐይቅ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ የጨው ውኃ ለማየት ብዬ በፀሐይ አልጠበስም» ይላል። የተወለደው ወሎ፣ ሐይቅ በምትባለው ከተማ ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው አጠገቧ ከተኛው ውኃ ነው። የዚያ አገር ሰው ደግሞ ውኃውን በገዛ አካፋው የቆፈረው ይመስል ይኮራበታል።

እኔ የዱብቲ ልጅ ነኝ። አባቴ የጥጥ እርሻው የትራክተር መካኒክ ነበር። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ፣ የሞቱ ስልኮችን እየፈታሁ ጥገናን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ዛሬ ሰመራ ውስጥ ስልኩ እምቢ ያለው ሁሉ፣ ባለ ዲግሪውም ጭምር፣ እኔ ደጃፍ ይሰለፋል። ስለዚህ የከድሩ የዝውውር ወረቀት ሲመጣ ነገሩ ለእኔ ቀላል አልነበረም። የትውልድ ከተማው ትምህርት ቤት ሊቀበለው ነው፤ ሰኞ ጠዋት ከፈረመ እንሄዳለን፣ ካልፈረመ እንቀራለን።

«ስልክ የትም አገር ይሰበራል፤ እዚያም ትጠግኛለሽ» አለኝ።

«እዚያ ማን ያውቀኛል? እዚህ ስሜን ያወጣሁት ስምንት ዓመት ለፍቼ ነው።»

«እዚህ ከሙቀት በቀር ምን አለ?»

«ሐይቅ አለ።»

ሳቀ። እኔ ሲሳቅብኝ አልወድም። «የግማሽ ዓመት እረፍት ላይ ነህ» አልኩት። «እስከ ሰኞ ሦስት ሐይቅ አሳይሃለሁ። አንዱን እንኳ ወደኸው ከመጣህ እንቀራለን። ካልወደድክ ዕቃውን የምጭነው እኔው ነኝ።»

«መንገዱን ታውቂዋለሽ?»

«እዚሁ አይደለም እንዴ የተወለድኩት?»

ይህ መልስ አይደለም፤ እሱ ግን እንደ መልስ ወሰደው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ከእርሻው ቦይ ሌላ ውኃ አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ በአውቶቡስ አዋሽ ሰባት ኪሎ ወረድን፤ እዚያ የሚነግደው አጎቴ ሙእሚን አሮጌ ፒክአፑን ሰጠን። ዓርብ ማለዳ መጀመሪያ ወደ መተሐራ በኩል ሄደን በሰቃን አየን። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል የተንጣለለ ውኃ ነው፤ ከኋላው ፈንታሌ ተራራ አለ። ከድሩ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ፈተና እንደሚያርም ሰው አየው።

«ይሄ ሐይቅ አይደለም። መሄጃ ያጣ ጎርፍ ነው» አለ።

ከዚያ «ጎማውን ልይ» ብሎ ወደ ውኃው ዳር ወረደ። ጎማው ያለው ላይ፣ እሱ ያለው ታች። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ተመለሰና ሞተር አስነሳ።

በአርባ ነው የሚነዳው። የጅቡቲ ከባድ መኪና ሁሉ ጡሩምባውን እያምባረቀ ያልፈናል።

«በፍጥነት ስንት ሰው እንዳለቀ ታውቂያለሽ?»

«መንገድ ላይ አርጅቶስ የሞተ?»

ገዋኔ ላይ ጁምዓ ሰግዶ ሲመጣ ሁለተኛውን ሐይቅ፣ ያርዲን፣ ልናይ ሄድን። እኔ ያየሁት ሸምበቆ፣ ከሸምበቆው ጀርባ የሚያብለጨልጭ ነገር፣ እና ከብት ነው። «ሣር ነው» አለ ከድሩ። ስልኬን ማየት ጀመርኩ። አዳይቱ ላይ የፍየል ጥብስ እየበላን፣ «ሁለት ለዜሮ» ብሎ አጥንት ጋጠ። ሌላ ቀን ቢሆን አጥንቱን ነጥቄ እበላበት ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳህኑን ወደ እሱ ገፋሁለት። የቀረኝ አንድ ሐይቅ ነው።

ሰመራ ቤታችን አድረን ቅዳሜ አሳይታን አለፍን። ገመሪ ሐይቅ ከዚያ ወዲያ መሆኑን ሰምቻለሁ። በየት በኩል እንደሆነ ግን አልሰማሁም። መንገዱ ሁለት ሲሆን በሙሉ ልብ «ግራ» አልኩ። ደግሞ ሁለት ሆነ፤ «ቀኝ» አልኩ።

«ይቺን ግራር ሦስተኛ ጊዜ አየኋት» አለ ከድሩ።

«የዚህ አገር ግራር ይመሳሰላል።»

«ከሥሯ የተቀመጡት ሽማግሌስ?»

ሽማግሌው ተነሥተው መጡ። ጺማቸው በሂና የቀላ፣ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ ያጋደሙ አፋር ናቸው። ስማቸው ሙዓዊያ ነው። «ሦስት ጊዜ አለፋችሁኝ» አሉ በአማርኛ። «የጠፋባችሁ ግመል ነው?»

«ገመሪን ነው አባባ» አለ ከድሩ።

«ልጄ ያለችው እዚያ ነው። እንሂድ።»

እኔ መሐል ገባሁ፣ እሳቸው መስኮቱን ያዙ። ወዲያው ዳጉ ጠየቁ። አፋር ከሰው ሲገናኝ ከሁሉም በፊት ወሬ ይለዋወጣል፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ። ያየኸውን መደበቅ፣ ያላየኸውን መጨመር ነውር ነው። የዋሸ ሰው ሁለተኛ አይሰማም። ከድሩ አራት ዓመት ሙሉ፣ «ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ» እያለ ሲያመልጥ ኖሯል። አሁን ግን መሪ ይዟል፤ ወዴት ያመልጣል?

«ከአዋሽ ነው የመጣነው» አለ። «በሰቃን አይተናል።»

«እህ። ውኃው እንዴት ነው?»

«ከፍ ብሏል። ድንጋዩ እስከ ውስጥ ድረስ ጥቁር ነው፤ ነጫጭ ወፎች ቆመውበታል። አንድ መቶ አሥር ቆጥሬ የቀሩት ተነሡብኝ። ሲነሡ ጥላቸው ውኃው ላይ ይሄዳል። ቁጭ ብዬ አየሁ።»

ዞር ብዬ አየሁት። አላየኝም።

«ያርዲስ?»

«ሣሩ ጥሩ ነው፣ ከብቱም አልከሳም። ሸምበቆው ውስጥ ጉማሬ አየሁ፣ ከነግልገሏ። ጆሮዋን ብቻ አውጥታ አፈጠጠችብኝ።»

«ጉማሬ አይተህ ዝም አልከኝ?» አልኩ።

«ስልክሽን ታዪ ነበር።»

«ሣር ነው አላልክም?»

«ሣርም አለ።»

ሽማግሌው አዳመጡና ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «አንቺስ ልጄ? ገመሪን ካየሽ ስንት ጊዜሽ ነው? ያኔ ውኃው የት ድረስ ነበር?»

ለከድሩ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር እፈጥር ነበር። ዱብቲ ያደገ ሰው ግን በዳጉ አይዋሽም። «አይቼው አላውቅም አባባ» አልኩ።

መኪናው ቆመ። ከድሩ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ግራ፣ ቀኝ እያልሽ...»

«አንተም ጉማሬ ደብቀሃል።»

«እኔ አንዲት ጉማሬ ደበቅኩ። አንቺ ሙሉ መንገድ ፈጠርሽ።»

«ንዳ» አሉ ሽማግሌው። «ውኃው ይቀርባል።»

ኮረብታውን ዞር ስንል ገመሪ ብቅ አለ። እስከ ሩቅ ግራጫ ተራሮች ድረስ የተዘረጋ ሰማያዊ፤ ዳሩ ላይ አረንጓዴ ሣር፣ እግራቸውን ነክረው የሚጠጡ ላሞች፣ ንፋስ እንኳ ቀስ ብሎ የሚሄድበት። ከድሩ ሞተሩን አጠፋ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ሦስተኛውን ዜሮ ጠበቅሁ። አላለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ልቤ ግን ሰኞን ያስባል። ውዱእ አድርጌ ዙሁርን ልሰግድ ዞር ስል፣ እሱና ሽማግሌው ውኃው ዳር ያወሩ ነበር።

ሰግጄ ስመለስ ሁለት ግመል ነጂዎች ደርሰዋል። ሽማግሌው በአፋርኛ ዳጉ እየሰጧቸው ነው። ከድሩ አፋርኛ ከሰላምታ አያልፍም።

«ኸሊዳ፣ ምን እያሏቸው ነው?»

ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። «ሰውዬው ሰመራ ያለ መምህር ነው። ሚስቱ ስልክ ሠሪ ናት፤ ዱብቲ ተወልዳ ገመሪን ያየችው ገና ዛሬ ነው። በግራሯ ዙሪያ ሦስት ጊዜ አዙራዋለች። መምህሩ ዘንድሮ ተማሪዎቹን ይዞ እዚህ ይመጣል።»

ዘንድሮ ተማሪ ይዞ የሚመጣ መምህር ሰኞ ዝውውር አይፈርምም። «ብለሃል?»

«ስትሰግጂ... ያልኩ መሰለኝ።»

«ዳጉ ላይ መሰለኝ የለም።»

ጀርባውን አከከ። ሰዎቹ ግመላቸውን መንዳት ጀምረዋል። «ወሬው ማታ አሳይታ ይገባል፣ አይደል?»

«አሳይታ? እኛ ሳንደርስ ሰመራ ይገባል። ርእሰ መምህሩ አንተ ሳትነግረው ይሰማል።»

ውኃውን አየ። ከዚያ ግመሎቹን አየ።

«ጥሪያቸው» አለ።

«ወሬውን ልታስመልስ?»

«መቼ እንደሆነ አልነገሯቸውም። የካቲት በያቸው። አርባ ሁለት ተማሪ።»

ጮኼ ጠራኋቸው፤ ነገርኳቸው። አንደኛው ከሩቅ መልሶ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ምን አለ?»

«ለአርባ ሁለት ሰው አንድ ፍየል አይበቃም፤ ስንት ይታረድ ነው የሚለው።»

ከድሩ አሰበበት፤ እንደ ሂሳብ ጥያቄ። «አራት በያቸው» አለ። «እኔ ብቻዬን አንድ እበላለሁ።»