የጋሼ ሲሊኮን

ለሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ ሲበላሽ ይህ ሁለተኛው ነው። ወንድማማቾቹ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ከተበላሸ የጭነት መኪናዋ ትሸጣለች። የገዟት በጋራ ነው። ታላቅየው ሱቅ ስላለው ብትሸጥም ደንታ የለውም። ታናሽየው፣ ሹፌሩ፣ ግን ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ሙያ የለም።

ስለዚህ ምክንያቱን ራሱ ሊያገኝ ፈልጎ ጋራዥ አልወሰደውም። ቱርቦውን ፈታና ሚስቱ ልብስ በምትሰፋበት ጠረጴዛ ላይ አሮጌ አንሶላ አንጥፎ አስቀመጠው።

“መቀሴን ናፍጣ ካስነካህ እንተዋወቃለን!” አለች ሚስቱ።

“ምን በወጣኝ!”

ዕቃውን ሁሉ አጥቦ በፈታበት ተራ ደረደረው። መለዋወጫው እንደታሸገ አጠገቡ አለ፤ ለመግጠም ግን አልቸኮለም። የተበላሸውን የቱርቦ ዘንግ ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ። የነሐስ ቀለበቶቹ የሚያቅፉት ቦታ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል። ባለፈው የተቃጠለውን ዘንግ ከመሳቢያ አውጥቶ ጎን ለጎን አስተኛቸው። ያም ሰማያዊ ነው፤ እዚያው ቦታ ላይ።

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች። “ምን አፍጥጠህ ቀረህ?”

“ሁለቱም የሞቱት በዘይት ጥም ነው።”

“ዘይት ትጨምር የለ እንዴ?”

“ሞተሩማ ጠግቧል። እዚህ አይደርስም እንጂ።”

ዘይት የሚያመጣውን ቀጭን ቧንቧ አነሳና ነፋበት። ትንፋሹ በግድ አለፈ። ሚስቱ የቀሚስ መቀነት የምታስገባበትን ሽቦ አቀበለችው። ገፋ ሲያደርገው ጥቁር ልጣጭ ተጠቅልሎ ወጣ፤ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ዘይት እንዳያፈስ የሚቀባው ማሸጊያ፣ ሲሊኮን ነው። መገጣጠሚያው ላይ በዝቶ የተቀባው፣ ቡሎኑ ሲጠብቅ ወደ ውስጥ ገብቶ ደርቋል።

ሁለቱንም ጊዜ የቀባው ታላቅ ወንድሙ ነበር።

“ትነግረዋለህ?” አለች።

“እሱን? ከሚያፍር ዛሬውኑ ቢሸጣት ይመርጣል። እኔ ሲሊኮኑን ትቼ መሃሉ የወረቀት ጋስኬት አስገብቼ እገጥመዋለሁ፤ አበቃ።”

ልጣጩን በክብሪት ቀፎ ከቶ ኪሱ አደረገው።

ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ በቆመችው መኪና ላይ ቱርቦው ቦታው ገብቶ የዘይት ቧንቧው ብቻ ሲቀር ታላቅየው ከሱቁ መጣ። በእጁ አዲስ ሲሊኮን ይዟል።

“ዞር በል እስቲ። ያንተ እጅ ቆጣቢ ነው። ይኼ ነገር ወፈር ካላለ ያንጠባጥባል።” ክዳኑን በጥርሱ ከፈተ።

ሹፌሩ መፍቻውን እንደያዘ ቆመ። መስኮቱ ላይ ሚስቱ ታያለች።

“ጋሼ፣ ቆይ።” የክብሪት ቀፎውን አውጥቶ ከፈተለት። “ይኼ ከቧንቧው ውስጥ የወጣ ነው።”

ታላቅየው ልጣጩን በሁለት ጣቱ ሳበው፤ ተለጠጠ። ለቀቀው፤ ተሰበሰበ።

“ያለፈውንም ያቃጠለው ይኼ ነው?”

“ይኼው ነው።”

“እና ስገባ አፍህን ምን ያዘው?”

“ምን ልበል... ጋሼ ነህ።”

“ጋሼ መሆኔ ቧንቧ ይደፍናል እንዴ?”

“ደፍኗል እኮ!” አለች ሚስቱ ከመስኮቱ።

ታላቅየው ኮስተር ለማለት ሞከረ፤ ሳቁ ግን ቀደመው። ክዳኑን መልሶ አጠበቀና ሲሊኮኑን ኪሱ ከተተ። “ለሱቁ ጣራ ይሆናል።”

ሹፌሩ ቱርቦው ውስጥ ዘይት አንቆርቁሮ ቧንቧውን በወረቀቱ ጋስኬት ገጠመ። ሞተሩ ሲነሳ ጭሱ መጀመሪያ ነጣ፤ ቆይቶ ጠራ። ታላቅየው ከጭስ ማውጫው ኋላ ቁጢጥ ብሎ መዳፉን ዘረጋ። መልሶ አየው። ዘይት የለበትም።

“ያለፉት ሁለቱ ብልሽቶች የኔ ናቸው” አለ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። “ያንተን ቆጠራ ከዛሬ እንጀምራለን።”