የሚረገጥ ባስ

በቲሳ ወንዝ ሜዳ ላይ ባስ የሚሉትን፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል ትልቅ ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ሁሉ ሁለት ባስ አለው። ደህናው ቤት ይቀራል፤ ሠርግ ላይ የሚወጣው የሚረገጠው ነው። ምክንያቱም በዚያ አገር አንዳንድ ሀብታም ሚዜ ደስታው ሞልቶ ሲፈስ፣ ብርጭቆ መስበሩ አልበቃው ሲል፣ የሙዚቀኞቹን ባስ በድግሱ መሀል ገዝቶ በጫማው ረግጦ ይሰባብረዋል። ድሮ የመሬት ከበርቴዎች ያደርጉት ነበር ይባላል። ዛሬ ኮምባይነር ያለው ሁሉ ከበርቴ ነው። በየዓመቱ የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ሲደርስ ግን አያስጠነቅቅም።

ራዲቮይ ሃያ ሁለት ዓመት ባስ ተጫውቷልና ይህን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። የሠርግ ባሱ ከኮምፔርሳቶ የተሠራ፣ ሦስት ቦታ የተጠገነ፣ ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል የሆነ ነበር። የቤቱ ባስ ግን ከወጥ ጥድ የተጠረበ ነው። ሦስት ክረምት ኦስትሪያ ውስጥ ዶሮ ሲገፍፍ ቆይቶ በአራት ሺህ ሁለት መቶ ዩሮ ገዛው። ባስ መግዛት ሚስት እንደ ማግባት ነው ይላል፤ ወጪው የሚጀምረው ከሠርጉ በኋላ ነው። አንድ ዙር ክር ሁለት መቶ ሰማንያ ዩሮ። ባሱ የሚገባበት ረጅም መኪና፣ ያ መኪና የሚጠጣው ነዳጅ፣ ለወገቡ የሚገዛው ቅባት። ይህ ሁሉ ተከፍሎ ባሱ ቤት ተቀምጦ አንድ ዲናር አያመጣም። የሚያመጣው ያ በርሜል ነው።

እና በግንቦት ወር፣ ሐሙስ ቀን፣ የበርሜሉ አንገት ተላቀቀ። ራዲቮይ በኮላ አጣብቆ በሞርሳ አሰረው። ኮላው ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ሠርጉ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ከጎረቤት መንደር እንዳይዋስ፣ ቅዳሜ ቀን ባስ የሚያውስ ባስ ተጫዋች የለም። ከተማ ወርዶ እንዳይከራይ፣ ኪራዩ ሰማንያ ዩሮ ነው፤ የቀን ክፍያው ራሱ መቶ ሃያ ብቻ። እያሰላ ሳለ ሚዜው ማን እንደሆነ ሰማ። ኔደልኮ ነው አሉት፤ ቋጣሪ ሽማግሌ፣ በዚያ ላይ ስኳር ስላለበት ሐኪም መጠጥ የከለከለው።

"ኔደልኮ ባስ ሊረግጥ? የራሱን ጥላ እንኳን ጫማ ይጨርስብኛል ብሎ አይረግጥም" አለና ደህናውን ባስ መኪናው ላይ ጫነ። ሰማንያ ዩሮ አተረፈ።

አምስት ሆነው ነው የሚጫወቱት። አለቃው ጋቭራ ቫዮሊን ይዞ በየጠረጴዛው ይዞራል፣ እንግዳው ጆሮ ሥር ገብቶ ያስለቅሳል፤ ገንዘብም የሚለጠፈው በእሱ ግንባር ላይ ነው። የአኮርዲዮኑም ሰው፣ ታምቡራ የሚሏትን ትንሽ ጊታር የሚመቱት ሁለቱም ይዞራሉ። ባስ ግን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ባስን የሚሰማው እግር እንጂ ኪስ አይደለም። ስለዚህ ከሰባት ዓመት በፊት ራዲቮይ "ወይ እኩል፣ ወይ ደህና ሰንብቱ" ብሎ አኩርፎ ነበር። ጋቭራ ፊቱን አኮሳትሮ ተስማማ። ሙዚቃ ላይ እያሉ የተሰጠ ገንዘብ ለማንም ይሰጥ ለማን፣ ለአምስት ይካፈላል፤ ዕቃ ግን የየራስ ነው፣ የተሰበረበት ራሱ ይጠግናል። ይህ ደንብ ለራዲቮይ በዓመት ወደ ሁለት ሺህ ዩሮ ያስገባለት ነበር። ቡድኑ ውስጥ ካገኘው ነገር ሁሉ የሚኮራበትም እሱ ነበር።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሙቀቱ ከፍቷል። ሾርባው አልፎ ጥብሱ ቀርቧል። ኔደልኮ ቀልተዋል። ሐኪሙ የከለከላቸው ራኪያ የሚባለውን አረቄ ነው፤ ወይንን በስሙ ጠርቶ አልከለከለም። ጭፈራው ሲሟሟቅ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡና እንግዳውን በክርናቸው እየከፈሉ ባሱ ፊት መጥተው ቆሙ።

"ይሄ ስንት ነው?"

"አይሸጥም፣ ጋሼ ኔደልኮ።"

"ዋጋውን ነው የጠየቅኩህ፣ ፈቃድህን አልጠየቅኩህም።"

"ይሄኛው የቤት ነው። ሌላውን ለሚቀጥለው አመጣልዎታለሁ።"

"ሚቀጥለው? እኔ ስንት ጊዜ ሚዜ የምሆን ይመስልሃል? ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሰው ሁሉ ቋጣሪ ሲለኝ ኖረ። አንድ ሺህ!"

ድንኳኑ አጨበጨበ። ራዲቮይ እጁን ከክሩ ሳያነሳ አንገቱን ነቀነቀ። ሽማግሌው ሁለት ሺህ አሉ። ሙሽራው ራሱ ከወንበሩ ተነሥቶ ማየት ጀመረ። ሚዜን በሠርግ ላይ እምቢ ያለ ሙዚቀኛ በዚያ ሜዳ ሌላ ሠርግ አይጠራም፤ ሥራ የሚያጡትም እሱ ብቻ ሳይሆን አምስቱም ናቸው።

ጋቭራ ቫዮሊኑን አገጩ ሥር እንደያዘ ተጠጋው። "ሽጥ" አለው በጥርሱ መሀል።

"አራት ሺህ ነው የገዛሁት።"

"ሽጥና ሌላ ግዛ።"

"በምኔ? ከአምስት አንዷን ድርሻ ይዤ?"

"ደንቡ ያንተ ነው ወንድሜ። እኔ ባንተ አፍ ነው ያጸደቅኩት።"

"እሺ ሙዚቃውን አቁመው። ሽያጩ ከሙዚቃ ውጭ ይሁን።"

ጋቭራ ፈገግ አለና ሊያልቅ የደረሰውን ዜማ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው።

"ሦስት ሺህ" አሉ ኔደልኮ። ከኮታቸው ውስጥ የታጠፈ ገንዘብ አውጥተው ጋቭራ አንገት ላይ የተንጠለጠለችው ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። የትራክተር ጎማ ሊገዙበት ያወጡት ገንዘብ ነበር፤ ይህን ግን በዚያ ሰዓት እሳቸውም ረስተውታል።

ራዲቮይ መጫወቱን አቆመ። "ይሁን። ግን ክሩ ከሽያጩ ውጭ ነው።"

"የምን ክር?"

"የባሱ ክር። ሁለት መቶ ሰማንያ ዩሮ ነው። እርስዎ የሚረግጡት እንጨቱን ነው፤ ክር ለእርስዎ ምን ያደርጋል?"

ሰዉ ሳቀ። "ቋጣሪ የሚሉት እኔን ነው" አሉ ሽማግሌው። "አውልቅ፣ አውልቅ!"

ራዲቮይ ባሱን ሣሩ ላይ በጀርባው አስተኛውና ተንበረከከ። የባስ ክር ረጅም ነው፤ መቃኛውን እያዞሩ ሲፈቱት ጊዜ ይወስዳል። ራዲቮይም አልቸኮለም። አንዱን አወጣ፣ ጠቀለለ፣ ኪሱ ከተተ። ሁለተኛውን። ኔደልኮ አንድ እግራቸውን እያነሱ እያወረዱ ይጠብቃሉ። ሦስተኛውን አውጥቶ አራተኛው ላይ እጁ ቆመ።

በባስ ሆድ ውስጥ ስንዝር የምትሆን ዘንግ አለች። በኮላ አልተጣበቀችም፤ ከላይ ክሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ በኩል ሲጫኗት በዚያ ጫና ብቻ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ሠሪዎቹ ነፍስ ይሏታል። አራቱም ክር ባንዴ ከወለቀ ልትወድቅ ትችላለች፤ መልሶ ለማቆም ጠጋኙ መቶ ሃምሳ ዩሮ ይጠይቃል። ስለዚህ ባስ ያለው ሰው ክር የሚቀይረው አንድ በአንድ ነው። ራዲቮይ በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳን አራቱን ባንድ ላይ አውልቆ አያውቅም። አሁን ግን፣ ለሚረገጥ እንጨት ምን ልጨነቅ ብሎ አራተኛውን ፈታው። ብርኩማው እጁ ላይ ወደቀ። ከዚያ ከባሱ ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለና ተንከባለለ።

ኔደልኮ እግራቸውን እንዳነሱ ቀሩ። "ምንድን ነው እሱ?"

"ነፍሱ ናት" አለ ራዲቮይ። "ወደቀች።"

ብልጠት አልነበረም። መካኒክ ስለ ወለቀ ብሎን እንደሚናገረው ነው የተናገረው። ሽማግሌው ግን እግራቸውን ቀስ ብለው ወደ ኋላ መለሱና ሦስት ጊዜ አማተቡ።

"በሙሽሮች ፊት የምን ነፍስ ነው የምታወራው?"

"ስሟ ነው፣ ጋሼ።"

"ስሟ ከሆነ የባሰ ነው።" ከኋላቸው የነበሩት ባልቴቶችም አማተቡ። ኔደልኮ ባሱን ትንሽ አዩትና ወደ ወንበራቸው ሄደው ተቀመጡ። ገንዘቤን ብለው አልጠየቁም፤ በሰው ፊት የሰጡትን በሰው ፊት የሚቀበሉ ሰው አይደሉም።

የጠየቁት ባለቤታቸው ናቸው። ወይዘሮ ዴሳንካ ከማብሰያው በኩል፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ፣ ሙዚቀኞቹ ሊያርፉ ከድንኳኑ ጀርባ ሲወጡ ደረሱባቸው።

"ልጆቼ፣ የትራክተሬን ጎማ መልሱልኝ። ይሄን ሣጥናችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ቤቴ ነፍሱ የወደቀ ነገር አላስገባም።"

ራዲቮይ ወደ ጋቭራ ዞረ። ጋቭራ ቦርሳውን በክንዱ ጨመቀ።

"ሙዚቃ ላይ የተሰጠ ነው። ለያንዳንዳችን ስድስት ስድስት መቶ ነው። ደንቡ ተካፈሉ ይላል እንጂ መልሱ አይልም።"

"ባሱ እኮ የኔ ነው።"

"ነበር። አሁን የጋሼ ኔደልኮ ነው።" ጋቭራ ሰባት ዓመት በሆዱ የያዘውን ነገር ማውጫው ሰዓት እንደደረሰ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። "አንድ መንገድ አለ። ደንቡ ይቅር። ከዛሬ ጀምሮ ለያንዳንዱ የተሰጠው የየራሱ ይሁን። ይቅር ካልክ፣ ይሄን ለእናታችን አሁኑኑ እመልሳለሁ።"

ራዲቮይ ሌሎቹን አያቸው። የአኮርዲዮኑ ሰው ጫማውን ያይ ነበር። ሁለቱ ታምቡራ ተጫዋቾች ሲጋራ ለኮሱ። በዓመት ሁለት ሺህ፣ ወገቡ ቢችልለት ለአሥር ዓመት፤ ሂሳቡን ጣት ሳይቆጥር ያውቀዋል፣ በሂሳብ ከሆነ ባሱን መተው ነበረበት። ባሱ ክር አልባ ሆኖ ሣሩ ላይ ተኝቷል፤ አንድ ሰው ቢራ አፍስሶበታል። ራዲቮይ ሸሚዙን ከሱሪው አውጥቶ ቢራውን ጠረገለት። ተናዶ ነበር፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ሐዘኑ ይበልጣል፣ ሰባት ዓመት አብረውት የበሉ ሰዎች ናቸውና።

"ይቅር" አለ።

የቀረውን ሦስት ሰዓት ያለ ባስ ተጫወቱ። ራዲቮይ ሥራ ፈቶ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆሞ ያያል። ጨፋሪዎቹ እግራቸው ይጋጫል፤ አንዱ ሌላውን ይረግጣል፤ አንዲት ሴትዮ "ዛሬ ሙዚቃው ምን ነካው?" ብላ ጠየቀች። እግራቸው ቢስትም ኪሳቸው አልሳተም። ጋቭራ ግንባር ላይ ገንዘቡ እንደ ወትሮው ተለጠፈ፤ ማታ ሲበተኑ ቦርሳዋ ለመካፈል አልተከፈተችም።

ሰኞ ጠጋኙ በባሱ ሆድ በኩል ረጅም ሽቦ አስገብቶ ነፍሷን መልሶ አቆመ። መቶ ሃምሳ ዩሮ። ሰማንያ ለማትረፍ የወጣ ነው። ራዲቮይ ከፈለና ባሱን ቤቱ መልሶ በብርድ ልብስ ሸፈነው።

ወሬው ግን ከሱ ቀድሞ ሜዳውን አዳርሶታል። ኔደልኮ ባስ ገዝቶ መርገጥ ፈራ፣ ነፍስ አለው ብሎ ሸሸ እየተባለ በየመጠጥ ቤቱ ተሳቀበት። እናም ከዚያ በኋላ ሚዜ የሆነ ሁሉ እኔ አልፈራም ማለት አማረው። በሰኔ ወር አንድ የአሳማ ነጋዴ ዘፈኑ መሀል ላይ ተነሥቶ በርሜሉን አራት መቶ ዩሮ አለው። ጋቭራ እንደ ልማዱ ቦርሳዋን ከፍቶ ተጠጋ። ራዲቮይ ገንዘቡን ተቀበለ፣ ሁለት ጊዜ አጠፈ፣ የራሱ ኪስ ከተተው።

"ለያንዳንዱ የተሰጠው የየራሱ" አለ። ነጋዴውም በደስታ ረገጠ።

አዲስ የኮምፔርሳቶ ገላ ከእነ ኮላው መቶ አሥር ዩሮ ይፈጃል። ራዲቮይ በሐምሌ ወር ሁለት ባስ ሠራ፤ ሁለቱም ተረገጡ። ሁለተኛው አምስት መቶ አወጣ። ክሩን ሁልጊዜ ቀድሞ ያወልቃል፤ ውስጡ ግን የምትወድቅ ዘንግ አላስገባበትም፣ ሰው በሠርጉ ቀን እንዳይደነግጥ።

በመስከረም ጋቭራ ወደ ግቢው መጣ። ጥላው ሥር ሦስት ባሶች በሞርሳ ታስረው ኮላቸው እየደረቀ ነበር። ከክፍት መስኮቱ ውስጥ ደህናው ባስ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ይታያል። ጋቭራ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣ ስለ አየሩ ጠየቀ፣ ስለ ወገቡ ጠየቀ።

"ምን አስቤ መሰለህ" አለ በመጨረሻ። "ያ የድሮው ደንብ ይሻላል። ለአምስት እኩል። ወንድማማች ነን።"

ራዲቮይ ኮላውን ማማሰሉን አላቆመም።

"የአሁኑ ደንብ ያንተ ነው፣ ወንድሜ" አለው። "እኔ ባንተ አፍ ነው ያጸደቅኩት።"