ባለጋራዋ

«ዳኛው ራሳቸው ደንግጠው መነጽራቸውን አወለቁ!» አለ ሟቿ ጠበቃ ከቤት ኪራይ ክስ ነጻ ያወጣችው የታክሲ ሾፌር፣ የሻይ ብርጭቆ የያዘ እጁን እያወናጨፈ። «ድምጿ ግድግዳ ያናውጥ ነበር እኮ!»

ለቀስተኛው በእንባው መሃል ሳቅ አለ። ባሏ፣ ልብስ ሰፊው፣ አልሳቀም። ሃያ ሁለት ዓመት አብሯት ሲኖር ድምጿን ከፍ ስታደርግ ሰምቷት አያውቅም። ከፍርድ ቤት ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ወንበር ላይ ኩርምት ትልና «ዛሬ ቃል ጨርሻለሁ» ትለዋለች። ጨው እንኳ ስትፈልግ በአገጯ ነበር የምታሳየው። ቃሏን የምትጨርስበት ችሎት ደግሞ አንድ ቀን ወስዳው አታውቅም። «አንተ እያየኸኝ አፌ ይተሳሰራል» ነበር መልሷ።

ከቀብሩ ወዲህ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የመጣ ሁሉ የእሷን ንግግር ይዞ ይመጣል። መዝገብ ቤት አብራት ፋይል ታመላልስ የነበረች ጓደኛዋ፣ ሟች በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ ተምራ የጥብቅና ፈቃድ ያወጣች ዕለት ኮሪደሩ ላይ ያለችውን በቃሏ ትወጣዋለች። ወደ ሥራቸው ያስመለሰቻቸው የፋብሪካ ሠራተኞች የመጨረሻ ክርክሯን እየተቀባበሉ ያወራሉ። ልብስ ሰፊው በልማዱ የእያንዳንዳቸውን ትከሻ በዓይኑ ይለካል። ሁሉም የእሱን ድርሻ ይዘው የሄዱ መሰለው።

ከሁሉም የከፋው ግን ገና አልመጣም።

ረጅሙ። ስሙን ጠርታው አታውቅም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በተቃራኒ ወገን ሲቆም የኖረ ጠበቃ ነው። «ዛሬ ረጅሙ ልክ ልኬን ነገረኝ» ብላ ትስቃለች፤ ሌላ ቀን «ላብ በላብ አደረግኩት» ብላ ትስቃለች። በዚያ ሳቅ ስንት ጊዜ መርፌ ጣቱን ወግቶታል! አንዴ «ትወጂዋለሽ እንዴ?» ሊላት አፉን ከፍቶ፣ የቁልፉን ክር በጥርሱ በጠሰበት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በበሩ ገባ።

«ይሄ ደግሞ ምኗ ነው? ምሰሶ አክሎ!» አሉ የሟች አክስት፣ ወደ ልብስ ሰፊው ጠጋ ብለው።

«ባለጋራዋ ነው።»

«ታዲያ ዓይኑ እንዲህ ያበጠው ምን ሆኖ ነው?»

እሱም ያንኑ ነበር የሚጠይቀው።

ረጅሙ አጠገቡ ተቀመጠ። «ያጽናዎት። ከእንግዲህ ከማን ጋር እንደምከራከር አላውቅም።»

«ጠበቃ ሞልቷል» አለ ልብስ ሰፊው።

«መሙላቱንስ ሞልቷል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ነውር ከሆነ ይተዉት። ለመናገር ስትነሳ ግራ እጇን ካባዋ ውስጥ ትከታለች፤ ተናግራ እስክትጨርስ አታወጣውም። ያ እጅ ስንት አሸብሮኛል መሰለዎት! የደበቀችው ሰነድ አለ፣ አሁን ልትመዘው ነው እያልኩ ስንት ጥያቄ ዋጥኩ። አንድም ቀን ምንም አላወጣች። ምን ነበር ውስጡ?»

ካባውን የሰፋላት ልብስ ሰፊው ነው። መሐረብ ትይዝበታለች ብሎ በግራ በኩል የውስጥ ኪስ አድርጎበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ምን እንደምትከትበት አላየም፤ አልጠየቃትምም።

«ለእርስዎ መቼም ነግራዎታለች» አለ ረጅሙ። ያንን የቅናት ዓይን ልብስ ሰፊው ከሱቁ መስታወት ውስጥ፣ ከራሱ ፊት ያውቀዋል።

«ነግራኛለች።»

ረጅሙ ጆሮውን አስጠጋ።

«ለእኔ ብቻ ብላ ነው የነገረችኝ» አለ ልብስ ሰፊው።

ረጅሙ እንደተፈረደበት ሰው ራሱን ነቀነቀ። ተነሳ፣ እጅ ነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ልብስ ሰፊው ወደ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ካባው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተሰቅሏል። ኪሱን ገልጦ አየ። ወረቀት የለ፣ መሐረብ የለ። እሱ የሰፋው የታችኛው ስፌት ብቻ በጣቷ መታሸት ብዛት ሳስቷል። እጁን ሊከት ሞከረ፤ አልገባም። ያኔ በእሷ እጅ ልክ ነበር የቆረጠው። ሁለት ጣቱ ብቻ ገባ።

«የት ገባህ? ሰው መጥቷል እኮ!» አሉ አክስት ከሳሎን።

«መጣሁ» አለ። ጣቶቹን ግን አላወጣም።