ጭራቁ ደረጃ ላይ ነው

ጎረቤታችን ነርሷ «እሳት ቢነሣ እንዴት እንደምንወጣ እንለማመድ» ብላ ስብሰባ ስትጠራ ዝር ያለ ሰው አልነበረም። ቀጥላ «ቅዳሜ ደረጃው ላይ ጭራቅ ይገባል፤ ሳያጎነብስ የሄደውን ይበላል፣ ዕቃ ላምጣ ብሎ የተመለሰውን ይበላል» የሚል ወረቀት በየበሩ ለጠፈች። ሕንጻው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ለቁም ነገር የማይነሣ ሁሉ ለጨዋታ ሲሆን እግር ያወጣል።

የእናቴ እግር አይታዘዛትም፤ የምንኖረው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ቀለም ቀቢውና መካኒኩ በወንበር ተሸክመው ሊያወርዷት ሲመጡ በከዘራዋ አባረረቻቸው።

«በቁሜማ ለሸክም አልሰጥም» አለች።

ነርሷ በእሷ ቦታ ባለ ሉካንዳውን፣ ያንን ግዙፍ ሰውዬ፣ ሻርፕ አልብሳ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠችው። «ልክ እንደ እሷ ሁን፤ እንዳታዝንላቸው» አለችው። አላዘነላቸውም። ከዘራ እያወዛወዘ፣ «ማን ጠራችሁ? ወዲያ በሉልኝ» እያለ አሳራቸውን አበላቸው። ቢለምኑት ቢቆጡት ፍንክች አላለም። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እናቴ መሳለቂያ ሆነች ብዬ ደሜ ፈላና በሬን ድርግም አድርጌ ገባሁ። እሷ ግን ከውስጥ ሆና እየሰማች እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ከሰዓት ልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ እያለሁ ነርሷ ደወለች። «አንደኛ ፎቅ ላይ ኩሽና ተቃጥሏል፤ ቶሎ ነይ» እንዳለች ስልኩ ተቋረጠ። ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ በረርኩ። በመንገዴ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እንቢ ትላለች፤ እንቢ ብላ እዚያው ትቀራለች።

ስደርስ ጭሱ ከመስኮቶቹ ይትጎለጎላል። እናቴ ከመንገዱ ማዶ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች፤ እርጥብ ፎጣ አፏ ላይ ይዛለች። አጠገቧ ቀለም ቀቢውና መካኒኩ ጥላሸት መስለው ይስላሉ።

«ከባለ ሉካንዳው በኋላ እሷ ምን አላት» አለኝ መካኒኩ። «ላባ ናት።»

የሁለቱንም ጉልበት ሳምኩ፤ ነርሷንም አቅፌ አልለቅ አልኩ። ውለታቸውን በምን እከፍለዋለሁ?

«ግን እንዴት እሺ አለቻችሁ?» አልኳት ነርሷን።

«ባለ ሉካንዳውም በመጨረሻ እሺ ያለው በዚያው ነው» አለች። «አንቺ በርሽን ዘግተሽ ነበር።»

እናቴ ፎጣውን ከአፏ አነሣችና እጄን ሳበችው።

«ልጅሽ ታች ሆና ብቻዋን እያለቀሰች ነው አሉኝ» አለች። «ለዚያ ነው የወረድኩት።»

ታች አልነበርኩም ልላት አልቻልኩም። ደግሞም ይህን ስትለኝ እየተንሰቀሰቅኩ ስለነበር፣ ጎረቤቶቼ አልዋሹም።