የማያመው ልጅ

ኩሎባ ሊገረዝ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ጭኑ ላይ ደወል አስሮ ከመንደር መንደር ሲጨፍር የጠርሙስ ስባሪ ረገጠ። ተረከዙ ተሰንጥቆ ደሙ መንገዱን ሲያቀላው እሱ አላወቀም፤ ያዩት ጓደኞቹ ናቸው።

"ኧረ ደም! አንተ፣ አያምህም እንዴ?" አለው አብሮ አደጉ ዎካሊ።

"ምኑ?" አለ ኩሎባ።

ሰዉ በእልልታ አበደ። አባቱ ጊዱዱ ከበሮ መቺዎቹን ገፍቶ መጣና ትከሻውን እየመታ፣ "የኔ ልጅ የማሳባ ተራራ ድንጋይ ነው እንጂ ሥጋ አይደለም!" አለ። በአገራቸው ወንድ የሚገረዘው ለአካለ መጠን ሲደርስ፣ በአደባባይ ቆሞ ነው፤ ቢላው ሲያርፍበት ዓይኑን ያርገበገበ ከነዘሩ ስሙ በክፉ ይነሳል። ኩሎባ ግን ከሕፃንነቱ እሾህ ሲወጋው፣ ፍም ሲረግጥ ዝም ስለሚል፣ ገና ሳይገረዝ ጀግና ተብሏል። ሌላ ምን ነበረው? ሩጫ አይሆንለት፣ ኳስ አይሆንለት።

ቁስሉ አመረቀዘ። አንድ ቀን ደግሞ በጭፈራው መሀል ቀኝ እግሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ ታጠፈበትና ወደቀ፤ ቁምጣውም ራሰ።

"ቢላውን ሳያይ ሸና!" ብለው ልጃገረዶቹ ሳቁ።

በማግስቱ እናቱ ናምቦዞ ማንንም ሳታማክር ምባሌ ከተማ ወዳለ ሐኪም ቤት ይዛው ወረደች። ጊዱዱ እየተነጫነጨ ተከተላቸው።

ዶክተር አኬሎ የተረከዙን ቁስል አይታ ስታበቃ ሸሚዙን ገለበች። ወገቡ ላይ፣ ከቀበቶው ሥር፣ አብሮት የተወለደው ለስላሳ እብጠት አለ፤ ጥቂት ፀጉርም አብቅሏል። ምስል አስነስታው ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል።

"እብጠቱ ስብ ነው፤ ላይ ላዩን ብቻ ግን አይደለም፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሕብለ ሰረሰርህን ይዞታል" አለችው። "ባደግህ ቁጥር ይወጠራል። እግርህ የደነዘዘው፣ ሽንትህ የሚያመልጥህ ለዚህ ነው። ካልፈታነው መራመድህም ያሰጋኛል። የጠፋውን ሁሉ እመልሳለሁ ብዬ ግን አልዋሽህም።" ወደ ወላጆቹ ዞረች። "ምነው በልጅነቱ ሳታሳዩት?"

ጊዱዱ ባርኔጣውን ያገላብጣል።

"አሳይተናል" አለች ናምቦዞ። "ሦስት ዓመቱ ነበር። ካልተቀደደ እግሩ ይሞታል አሉን። አባቱ ነው እምቢ ያለው።"

"ታዲያ ከግርዘቱ በፊት የባዕድ ቢላ የቀመሰ ልጅ ይባልልኝ?" አለ ጊዱዱ።

ኩሎባ አባቱን አየው። "አባባ፣ እግሬ እንደማይሰማኝ ታውቅ ነበር?"

"ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር።"

"ድንጋይ ነህ የምትለኝስ?"

"ሲያደንቁህ ደስ ይልህ ነበር እኮ፣ ልጄ።"

 ያ ሁሉ እልልታ ለበሽታው ነበር። እልል ያሉት አያውቁም፤ አስጨብጫቢው ግን ያውቅ ነበር።

"በቃ፣ ቀኑ ደርሶ ይገረዝና ከዚያ እናመጣዋለን። ስንት ሰው ጠርቻለሁ!" አለ ጊዱዱ።

"ዕድሜህ ስንት ነው?" ዶክተሯ ኩሎባን ጠየቀችው።

"አሥራ ስምንት።"

ለቀዶ ሕክምናው የሚፈረመውን የፈቃድ ወረቀት ወደ እሱ አዞረችው። ፈረመ።

የተረከዙን ቁስል አድርቀው ቀዶ ሕክምናውን ሲያደርጉለት አምስት ሰዓት ፈጀ። ስቡ ከነርቮቹ ጋር ስለተጠላለፈ ሁሉንም አላወጡትም፤ ሕብለ ሰረሰሩን ግን አላቀቁለት። ብዙ ቀን በሆዱ ተኛ።

ዎካሊ ተገርዞ፣ ሽርጥ አገልድሞ፣ እንደ ዳክዬ እየተንፈራጠጠ ሊጠይቀው መጣ።

"እኔም እንዳንተ ሆኜልሃለሁ" ብሎ ሳቀ። "ይልቅ ሞተሩ የማን ነው? ሄደን እንቀጥቅጠው?"

"የቱ ሞተር?"

"የገጨህ ነዋ! ጋሼ ጊዱዱ ለመንደሩ ሁሉ ተናገሩ። 'ባይገጨው ኖሮ እንደ ድንጋይ ይቆም ነበር' አሉ።"

ጊዱዱ ከግርጌው ቆሟል። ዓይኑ ይለምናል። ኩሎባ ለአፍታ ተፈተነ፤ ውሸቱ ይመቻል፣ ስሙን እንደነበረ ያስቀምጥለታል።

"ዎካሊ፣ ሸሚዜን ግለበው። ሞተር የሚባል የለም" አለ።

ጊዱዱ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ። ኩሎባ በሆዱ እንደተኛ የአባቱ ኮቴ እስኪጠፋ አዳመጠ። ከዚያ ነገሩን ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ ለጓደኛው ይነግረው ጀመር።