ሳብልኝ

ሦስት መቶ አርባ ጥንድ ጫማ ከሆስፒታል ተመልሶ ግቢው ውስጥ ተከምሯል። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ለነርሶች የተሠራ፣ ሁሉም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተለጥጦ ተረከዝ አልይዝ ያለ። አንዱን አንሥቼ እግሬን ባስገባበት ከኋላ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ሆነ።

የፋብሪካው ባለቤት አጎቴ ነው። ከካርቶኖቹ መካከል ቆሞ ይጮኻል።

«ማነው የቆረጠው? ስም ስጠኝ!»

በየካርቶኑ ላይ የቆራጩ ጠረጴዛ ቁጥር እንዲጻፍ ያደረግኩት እኔ ስለሆንኩ ለመልሱ አልተቸገርኩም። ሰባት። እዚያ የምትቆርጠው ሴት ከስፌት ክፍል ከተዛወረች ገና አምስት ወሯ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ስለሰፋች፣ ዛሬም ድረስ «ሰፊዋ» ነው የምትባለው።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት የስንብት ደብዳቤዋን ፈርመህ ታመጣልኛለህ» አለ አጎቴ። «በከባድ ቸልተኝነት ብለህ ጻፍ። የሆስፒታሉ ሴትዮ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ ስም ትፈልጋለች።»

«ቸልተኝነት» የሚል ደብዳቤ ይዞ የወጣን ቆራጭ ሌላ ጫማ ፋብሪካ በበሩ አያስገባውም። ሰፊዋ ደግሞ ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ደብዳቤውን ጻፍኩት። ያልጻፍኩት ፊርማዬን ብቻ ነው።

ወደ ቆረጣ ክፍል ስገባ ስምንቱ ጠረጴዛዎች በየቁጥራቸው፣ እርስ በርስ አራት አራት እርምጃ ተራርቀው ቆመዋል። ይህም የእኔ ሥራ ነው። ከእኔ በፊት ተጠጋግተው ነበር። አንድ ቆራጭ ያላመነው ቆዳ ሲገጥመው ጫፉን ይዞ ወደ ጎረቤቱ ይዞርና «ሳብልኝ» ይላል። ጎረቤቱ ቢላውን አስቀምጦ ሌላውን ጫፍ ይይዛል። በቁመቱ ይስቡታል፣ በወርዱ ይስቡታል። ቆዳ በአንድ በኩል ይለጠጣል፣ በሌላው በኩል እምቢ ይላል፤ እምቢ የሚለው በኩል ከእግር ጣት ወደ ተረከዝ መዋል አለበት። አዲስ ሰው ሥራውን የሚማረው ያንን ሌላኛውን ጫፍ እየያዘ ነበር። «ተሰማህ?» «አልተሰማኝም።» «እንደገና!» አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩት ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ሽማግሌ ነበር። ሲስቡ ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ «ጋሽ ጭፍን» ይሏቸዋል።

እኔ ስድስት ዓመት ውጭ ተምሬ መጣሁና ሰዓቴን ይዤ ጥግ ላይ ቆምኩ። በአንድ ቀን አርባ አንድ ጊዜ «ሳብልኝ» ተባለ። ሪፖርቴ ላይ «ሥራ የሚያስፈታ ወሬ» ብዬ ጻፍኩት። ጠረጴዛዎቹን አራራቅኩ፤ ጠረጴዛውን ለቅቆ የተገኘ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት፣ ሦስት የሞላበት እንዲሰናበት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። በ«ሳብልኝ» ፋንታ ሥዕል እያሳየሁ የሁለት ሰዓት ስልጠና ሰጠሁ። ሁሉም ተከታትያለሁ ብለው ፈረሙ።

ሰፊዋ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት ስታይ ቢላዋን አስቀመጠች።

«የኔ ነው አይደል፣ ኢንጂነር?»

«እስቲ ቁጭ በይና እንነጋገር።»

«ምን ላይ? ወንበሩን አስወጥተውት የለ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ያንን ነጭ ቆዳ እንዴት ነው የቆረጥሽው?»

«እንደ ሥዕሉ ነዋ። የከብቱን የጀርባ መስመር ተከተሉ ይል የለ? ያ ቆዳ ግን ዳር ዳሩ ተከርክሞ ነው የመጣው። ጀርባው በየት በኩል እንደነበር በምን ልወቅ? ረዘም ያለውን ጀርባ ነው ብዬ ገመትኩ።»

«ካላወቅሽ አትጠይቂም ነበር?»

ፊቷ ተለዋወጠ። ከገዋኗ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና ደረቴ ላይ ለጠፈችው።

«ያንብቡት። ጮክ ብለው፤ ሰው ይስማ።»

የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው። «ጠረጴዛ ቁጥር ሰባት፣ ያለ ፈቃድ ቆዳ ይዛ ወደ ጠረጴዛ ቁጥር ሁለት ስትሄድ ተገኝታለች። የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ።» ቀኑን አየሁት። ነጩ ቆዳ የገባበት ቀን ነው።

«ልጠይቅ ሄጄ ነበር እኮ!» ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ማለቷን ተወችው። «ቆዳው ትከሻዬ ላይ ነበር። መሃል መንገድ ላይ ይዘህ መለስከኝ። ሥዕሉን እዪ አልከኝ። ሥዕል ይሳባል እንዴ?»

ወደ ጋሽ ጭፍን ዞርኩ።

«እርስዎስ? ስትሳሳት አላዩም?»

«አይቻለሁ። ቆዳው ከጠረጴዛዋ ሲንጠለጠል አወራረዱን አይቼ፣ ይሄ ነገር ጠማማ ነው ብያለሁ በልቤ።»

«በልብዎ? ለምን አይናገሩም ታዲያ!»

ሽማግሌው ቢላቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ሁለት ጽፈህብኛል። ሦስተኛው ስንብት ነው ያልከው አንተ! ጡረታ ልወጣ ሰባት ወር ቀርቶኛል። ሠላሳ ዓመት እያወራሁ ሠራሁ። አንተ መጥተህ አፌን ዘጋኸው፤ አሁን ደግሞ ዝም አልክ ብለህ ትቆጣኛለህ? ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነህ ልጄ?»

ተናድጄ ነበር፤ በእሳቸውም፣ በእሷም፣ በዚያ በሚስቀው ሰውዬም። ማናቸውም ላይ ግን ንዴቴ አልጸና አለ። ከሰፊዋ ጠረጴዛ ሥር ከዚያው ቆዳ የተረፈ ቁራጭ አንሥቼ አንዱን ጫፍ ወደ ጋሽ ጭፍን ዘረጋሁ።

«ይሳቡልኝ።»

«ጠረጴዛዬን ልልቀቅ?»

«ይልቀቁ።»

ሳብን። በቁመቱ፣ በወርዱ፣ እንደገና በቁመቱ። ለእኔ ሁሉም በኩል አንድ ነው። ሰፊዋ ከእጄ መንጭቃ ወሰደችው። ሁለት ጊዜ ሳበች፤ ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው «አሁንስ?» አሏት።

«በወርዱ ነው እምቢ የሚለው» አለች። «አይ እኔ! አገላብጬ ነው የቆረጥኩት።»

ሩብ ደቂቃ አልፈጀም።

ደብዳቤውን ይዤ አጎቴ ቢሮ ገባሁ።

«አልፈርምም። ሥራውን ያበላሸው የእኔ ደንብ ነው።»

«ስልጠና ወስጃለሁ ብላ ፈርማለች።»

«እኔም አሰልጥኛለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ሁለታችንም ዋሽተናል።»

«አፍህን ያዝ! የእህቴ ልጅ ባትሆን ኖሮ . . .»

«የእህትህ ልጅ ባልሆን ኖሮ ደብዳቤው ላይ ያለው ስም የእኔ ይሆን ነበር።»

አጎቴ ብዙ አልተከራከረኝም። ደብዳቤውን ነጠቀኝ፣ ራሱ ፈረመበት፣ ማኅተሙን እንደ ሚስማር መታው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሆስፒታሉ ሴትዮ ደረሱ። ዋና ነርስ ናቸው፤ የእኛኑ ጫማ አድርገው ወለሉ ላይ እየጎተቱት ገቡ። አጎቴ ወንበር እንኳ ሳያቀርብላቸው በቀጥታ ወደ ቆረጣ ክፍል ወሰዳቸው። ሁሉም ሰው ፊት ሊያደርገው ፈልጓል።

«ጥፋተኛዋ ይችውልዎት። ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብታለች» ብሎ ደብዳቤውን ሰጣቸው።

ነርሷ አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

«እና እኔ ይሄን ምን ላድርገው?»

«ስም ፈልገው የለ?»

«ማን ነው ስም የፈለገ? በስልክ ያልኩት ጫማው መቼ ይደርሳል ነው። ነርሶቼ ሳንመልስ ያስቀረነውን ጫማ አድርገው፣ ተረከዛቸውን በፕላስተር ከጫማው ጋር አስረው ነው ሕመምተኛ የሚያገላብጡት። ይህችን ሴት አባረው ፕላስተሩን ሊያስፈቱልኝ ነው?»

ሰፊዋ አጎቴ ፊት መጥታ ቆመች።

«ታዲያ እኔን ለማን ብለው ነው የሚያባርሩኝ?»

አጎቴ እሷን ትቶ ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ወደ ጠረጴዛችሁ!»

ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ስምንቱም ጠረጴዛ ባዶ ነው። ሁሉም እሷ አጠገብ ቆመዋል፤ የሳቀውም ሰውዬ። ማንም ንቅንቅ አላለም።

ሰፊዋ ደብዳቤውን ከነርሷ እጅ ተቀብላ ለአጎቴ መለሰችለት።

«የፈረሙት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ይቅደዱት።»

ነርሷ ሰዓታቸውን አዩ። አጎቴም የነርሷን ሰዓት አየ። ቀደደው። አዝኖ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ትዕዛዙ እንዳያመልጠው ነው። ቁርጥራጩን ወለሉ ላይ በትኖ ነርሷን እያጣደፈ ወጣ።

ይቅርታ ልላት ጠጋ አልኩ።

«ይቅርታህን እዚያው ያዝ» አለችኝ። «የጋሽ ጭፍንን ሁለቱን ማስጠንቀቂያ ከፋይላቸው አውጥተህ አምጣ። እሳቸው እስኪቀድዱት ድረስ ቢላ አላነሣም።»

«የኔም አለ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«የኔ አንድ ነው፤ እሱም ሳስነጥስ ሰው ይማርህ ስላለኝ ነው!»

ወደ ቢሮዬ ደረጃውን ስወጣ እያንዳንዱ ስንት እንደተጻፈበት ከታች እየጮኸ ይነግረኝ ነበር። ቁጥሩ አላልቅ አለ።