የጋሼ ዘጠና ስምንት

መሥሪያ ቤታችን ከዕለታት አንድ ቀን ሁላችንም መማር እንዳለብን ወሰነ። ቤቱ የኢንሹራንስ ቤት ነው። ቡድናችን ደግሞ መኪናው የተጋጨበት ደንበኛ ካሳውን በስልኩ የሚጠይቅበትን ፕሮግራም ይሠራል፤ ቢያንስ እንዲህ ተብሎ ደመወዝ ይከፈለዋል። እኔ የቢዝነስ ተንታኝ ነኝ። ሥራዬ ደንበኛውን “ምን ይፈልጋሉ?” ብሎ መጠየቅ፣ መልሱን አሳምሮ መጻፍና ፕሮግራመሩ ሳያነበው ሲቀር ማዘን ነው።

ሥልጠናው በኢንተርኔት ነበር። ጥርሱ የማይከደን አንድ አሠልጣኝ በቪዲዮ እየመጣ ስለ ለውጥ፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ቡድን መንፈስ ይሰብካል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለችም፤ ሥራ እንደሌለው ከዚያ ያስታውቃል። በየመሀሉ ቪዲዮው ቀጥ ይልና “እዚህ ነዎት?” ብሎ ይጠይቃል። “አለሁ” የሚለውን ቁልፍ ያልተጫነ ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኛ ወጣቶቹ መላውን ለማግኘት አልዘገየንም። ድምፁን ዘግተን፣ ፍጥነቱን እጥፍ አድርገን፣ በአንድ እጃችን እየተጫንን በሌላው ምሳችንን እንበላለን። “ማዳመጥ” የሚለውን ምዕራፍ የጨረስነው እንደዚያ ነው።

ጋሼ ግን እንዲህ ያለው ነገር አልሆነላቸውም። ጋሼ የቡድናችን ታላቅ ናቸው፤ ጡረታቸው ደጅ ላይ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ብቅ ሲሉ “ልጆች፣ አላችሁ?” ይላሉ፣ እኛም “አለን ጋሼ” እንላለን፤ ሥራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑ “እዚህ ነዎት?” ሲላቸውም ቀና ብለው “አለሁ፣ እግዜር ይመስገን” ይሉታል፤ በአፋቸው። ቁልፉን መጫን ትዝ አይላቸውም። ማሽኑ ደግሞ አስተዳደግ የለውምና ከመጀመሪያው ይጀምርላቸዋል።

የሥልጠናውን ማብቂያ ፈተና ሁለት ጊዜ ወደቁ። ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፣ ሰዓት አልበቃ ብሏቸው ነው። ጥያቄውን ያነባሉ፣ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ፣ እንደገና ያነባሉ፤ ይሄኔ ሰዓቱ አልቋል። ሦስተኛው የመጨረሻ ነው። ከወደቁ ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ይወርዳሉ፤ እዚያ ከአቧራ በቀር የሥራ ባልደረባ የለም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ቤታቸውም ኦና ነው። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ “የኔ ልጅ፣ ማታ ቤት ስገባ ድምፅ የሚያሰማኝ ማቀዝቀዣው ብቻ ነው፤ እሱም እያጉረመረመ” አሉኝ። ሳቅኩ፣ ግን አንጀቴን በሉኝ። ሰው የሚያገኙት እኛ ዘንድ ነው። ከእኛ እንዳይለዩ ፈልጌ ነበር፣ ሁላችንም ፈልገን ነበር።

በየማለዳው ቆመን እንሰበሰባለን። ሰው ከቆመ ወሬ ያሳጥራል የሚል ሳይንስ አለ፤ የእኛ ቡድን ግን የሰው ልጅ ቆሞም አንድ ሰዓት ማውራት እንደሚችል አረጋግጧል። ስብሰባውን የሚመራው ልጅ ሥራን ሁሉ “ሩጫ” ስለሚል አሯሯጩ እንለዋለን። እያንዳንዱ ሰው ትናንት ምን እንደሠራ፣ ዛሬ ምን እንደሚሠራና ምን እንቅፋት እንደገጠመው ይናገራል። ጋሼ ተራቸው ሲደርስ “እንቅፋቴ ፈተናው ነው” አሉ።

አሯሯጩ ዓይኑ በራ። “ይሄ እኮ ፕሮጀክት ነው” አለ።

በዚያች ቀን ቡድናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማ። ለደንበኛ አንድ ቁልፍ ስንሠራ ወር የምንነታረክ ሰዎች ለማጭበርበር ግማሽ ቀን አልፈጀብንም። የሥራ ሰሌዳችን ላይ በወረቀት ያልተለጠፈ ሥራ እንደሌለ ይቆጠራል ተብለን ተምረናልና “የጋሼ ፈተና” ብለን በትልቁ ለጠፍነው። ፕሮግራመሩ ከሌሎች ቅርንጫፎች ጥያቄዎቹን ለቃቀመ። የተሠራውን ፕሮግራም እየፈተሸች በሁሉ ነገር ላይ እንከን የምታወጣው ሞካሪያችን መልሶቹን አበጠረች። ተለጣፊ ወረቀቶቻችንም በዕድሜያቸው አንዴ ቁም ነገር ላይ ዋሉ፤ ቢጫው ሀ፣ አረንጓዴው ለ፣ ሮዙ ሐ፣ ሰማያዊው መ ሆነ። ዓላማችንንም እኔ ራሴ ባማረ ቋንቋ ጻፍኩት፦ “ከፍተኛ ውጤት”።

በፈተናው ዋዜማ ስብሰባ ላይ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። ውጤቱ በጣም እንዳይ…”

“ጋሼ፣ እሱን ከስብሰባው ውጭ እናየዋለን” አለ አሯሯጩ።

በእኛ ቤት ከስብሰባው ውጭ እናየዋለን የተባለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ያች ቃል የቀብር ጸሎት ናት። ጋሼም እሺ አሉ። ሰው ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ እንጀራዬ የሆነው እኔ ያን ጊዜ የትኛው ሮዝ ከሩቅ ይታያል እያልኩ ወረቀት አማርጥ ነበር።

ፈተናው ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ሆነ። ካሜራው የሚያየው የጋሼን ፊት ብቻ ነው፤ እኛ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፈን ቀለም እናነሣለን። መጀመሪያ ላይ ሁሉ ሰላም ነበር። ከመሀል በኋላ ግን ጋሼ አረንጓዴ እያሳየናቸው ቢጫውን መምረጥ አመጡ። አሯሯጩ “እህ እህ” ብሎ ሳለ። ሞካሪዋ ሳለች። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው አስተካከሉ። ጥቂት ቆይተው ደግመው ሳቱ፣ እኛም የሳንባ በሽተኛ እስክንመስል ሳልን። እርጅና ነው፣ ዓይናቸው ደክሟል ብለን ተጠቃቀስን። አንዴ ብቻ ከሳላችን ቀድመው የተሳሳተውን ተጫኑ።

ዘጠና ስምንት አመጡ። አጨበጨብን። “የጋሼ ፈተና” የምትለው ወረቀት ሰሌዳው ላይ “አለቀ” ወደሚለው ዓምድ ተዛወረች፤ ወደዚያ ሄዳ ያልተመለሰች የመጀመሪያዋ ሥራችን ናት። ጋሼ ግን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይጠርጉ ነበር።

ሥራ አስኪያጇ እየሳቀች ገባች። “ጋሼ፣ ከድርጅቱ ሁሉ አንደኛ ወጥተዋል። እንኳን ደስ ያለዎት። ከሰኞ ጀምሮ ዋናው ማሠልጠኛ ይገባሉ” አለች።

“የት ያለው?” አልኩ።

“ሌላ ከተማ ያለው ነዋ። ከዘጠና በላይ ያመጣ አሠልጣኝ ሆኖ ይዛወራል፤ የመጨረሻው ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ተነግሯችኋል እኮ። አላያችሁትም?”

አየነው፤ ድምፁን ዘግተን፣ በእጥፍ ፍጥነት። ማፍጠኛው የት እንዳለ ስላላወቁ፣ ስንት ጊዜ ከመጀመሪያው ቢጀምርባቸውም፣ እስከ መጨረሻው ያዳመጡት ጋሼ ብቻ ነበሩ።

ሥራ አስኪያጇ በሩን ዘግታ ወጣች። እውነቱን ብንናገር እሳቸው ጡረታቸውን ያጣሉ፣ ዝም ብንል እኛ እሳቸውን እናጣለን።

“ጋሼ፣ ታዲያ ለምን አልነገሩንም?” አለ አሯሯጩ።

“ከስብሰባው ውጭ እናየዋለን አላችሁኝ” አሉ ጋሼ። “እኔም ስትጠሩኝ ጠበቅኩ።”

አሯሯጩ የተረፉትን ተለጣፊ ወረቀቶች መሰብሰብ ጀመረ።

“ያን ሁሉ ደክማችሁልኝ እንዴት ብዬ እምቢ ልበል?” አሉ ቀስ ብለው። “ማለፊያው ሰባ ነበር፣ ሰባ ይበቃኝ ነበር። ግድ የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።”

አርብ ማታ ኩባያቸውንና የወንበራቸውን ትራስ በከረጢት ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ስንገባ ሥራውን መቼ እንደምንጀምር ግራ ገባን። ቆመን እንሰበሰባለን፣ አሯሯጩ እንቅፋት ካለ ተናገሩ ይላል፣ እኛም የለም እንላለን። ውሸታችንን ነው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አዲስ ሥልጠና ታዘዘልን። ርእሱ “ደንበኛን ምን ይፈልጋሉ ብሎ መጠየቅ” ይላል። ቶሎ እንገላገለው ብለን ምሳችንን ይዘን አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን፣ ፕሮግራመሩም ፍጥነቱን ሊጨምር እጁን ዘረጋ።

ቪዲዮው ሲከፈት ጋሼ ብቅ አሉ። ክራቫት አሥረዋል። ባዶ ክፍል ውስጥ ባዶ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ካሜራውን ያዩታል። የፕሮግራመሩ እጅ ባለበት ቀረ፣ ሞካሪዋ ተነሥታ ድምፁን ከፈተችው። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ተረጋግተው አወሩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና “ልጆች፣ አላችሁ?” አሉ።

ቪዲዮው ቀጥ አለ።

“አለን ጋሼ” አልን ሁላችንም፣ በአፋችን።

ቁልፉን የተጫነ ሰው አልነበረም። ቪዲዮው ከመጀመሪያው ጀመረ።